ድዴን ለመታከም መጀመሪያ መክሳት አለብኝ?

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ?

የ39 ዓመት ሴት ነኝ፤ የሁለት ልጆች እናት። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ታይዋን ገበያ ውስጥ የልብስ ሱቅ አለችኝ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። ሁለተኛው ልጄ 4 ኪሎ ተኩል ሆኖ ነበር የተወለደው። ከእሱ ወዲህ ውፍረቱ እየመጣ እየመጣ አሁን 84 ኪሎ ደርሻለሁ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው። አማቴ ባየችኝ ቁጥር «ተመችቶሻል፣ ልጄ ይዞሻል!» ትለኛለች። እኔም ስቄ አልፋለሁ።

ድዴ መድማት ከጀመረ ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ ብሩሹ ላይ ነበር የማየው፤ አሁን ዳቦ ስገምጥ ዳቦው ላይ ደም ይታየኛል። የታች የፊት ጥርሶቼም የረዘሙ መሰለኝ። አፌ ይሸታል። ማንም አፍ አውጥቶ አልነገረኝም፤ ግን አንድ ማታ ባለቤቴ ማስቲካ ገዝቶ መጣና ምንም ሳይል ትራሴ አጠገብ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ ስናወራ ፊቴን አዞራለሁ፤ ሱቅም ደንበኛ ሳናግር አፌን በሻርፕ እሸፍናለሁ።

ሚያዝያ ላይ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ። ባለሙያው በቀጭን ብረት ድዴን እየነካካ ለረዳቱ «ሦስት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ስድስት» እያለ ቁጥር ጠራላት። ምን ማለት እንደሆነ አልነገረኝም። ከዚያ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ እየሰሙ፣ «እህቴ፣ ይሄ ሁሉ ከውፍረት ነው። መጀመሪያ ክብደትሽን ቀንሺ» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የጥርስ እጥበት ቀጠሮ ሰጥቶኝ ነበር፤ አልተመለስኩም።

አሁን ከስቼ ልመለስ ወስኛለሁ። ጠዋት በባዶ ሆዴ ሎሚ በሙቅ ውሃ እጠጣለሁ፣ ምሳ ትቻለሁ፣ ማታ አንዴ ብቻ እበላለሁ። ራሴን ያዞረኛል፤ ሚዛኑ ላይ ግን እስካሁን አንድ ኪሎ እንኳን አልወረደም። የሚደማውን ቦታ መቦረሽ ትቼ በጨውና በሎሚ ነው የማሸው። እንቅልፌም ጥሩ አይደለም፤ ሌሊት ሁለት ሦስቴ ለሽንት እነሳለሁ። ውሃ ስለማበዛ ነው፤ የድሬን ሙቀት መቼም ያውቁታል። እናቴ ስኳር አለባት፤ እኔ ግን ደህና ነኝ።

ያጠራቀምኳት ገንዘብ ወይ ለጂም ወይ ለጥርስ ሕክምናው እንጂ ለሁለቱም አትበቃም። የትኛው ይቅደም? ደግሞስ እውነት ውፍረት ድድ ያሳምማል ወይስ ሰውዬው ሊያዋርደኝ ፈልጎ ነው?

ስሜ ይቆይ፣ ከሳቢያን

*

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ከሁሉም በላይ የሚያብሰለስልሽ እሱ ይመስለኛል። ሰውዬው ያለው ነገር መሠረት አለው፤ ያለበት መንገድ ግን ነውር ነው። አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ሐኪም እውነት ስለያዘ ብቻ በር ከፍቶ፣ ወረፋ ጠባቂ እየሰማ፣ ስለ ሰው ገላ የመናገር ፈቃድ አያገኝም። ብትናደጂም ብታለቅሺም የሚፈርድብሽ የለም። እኔን ያሳዘነኝ ግን ከሚያዝያ ወዲህ ያለፈው ጊዜ ነው። የታዘዘልሽ ሕክምና ነበር፤ አፍረሽ ቀረሽ። በእኔ ግምት በእነዚህ ወራት ድድሽን ከኪሎሽ ይልቅ የጎዳው ያ ሐፍረት ነው። «ከስቼ እመለሳለሁ» የሚለውን ውሳኔሽንም ያልወደድኩት ለዚህ ነው።

ድድ የሚታመመው ከጥርሱ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ በሚለጠፍ፣ ባክቴሪያ በሞላበት ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሳይጠረግ ሲቆይ ይጠጥርና ታርታር ይሆናል፤ ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። እዚህ ላይ ከተያዘ ወደ ጤናው ይመለሳል። ካልተያዘ ግን ቁጣው ወደ ታች ወርዶ ጥርሱን አቅፎ የያዘውን አጥንት መብላት ይጀምራል፤ የተበላ አጥንት ደግሞ በራሱ ተመልሶ አይበቅልም። ይሄ ቀጭኑንም ወፍራሙንም ያገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት ከባድ የድድ በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ከ1 ቢሊዮን በላይ አድርጎ ነው የገመታቸው። ብቻሽን አይደለሽም ለማለት ነው።

ታዲያ ክብደት የት ይገባል? ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያመዛዝነው ልኬት (BMI የሚሉት) በአንቺ 84 ኪሎና ቁመት ሲሰላ 33 ገደማ ይመጣል፤ 30 እና ከዚያ በላይ ያለው በሕክምናው ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። አንዴ ብዬዋለሁ፣ አልደግመውም። ስብ፣ በተለይ ሆድ አካባቢ የሚከማቸው፣ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሰውነትን ሳያቋርጥ በለስተኛ ብግነት ውስጥ የሚያቆዩ ኬሚካሎች ወደ ደም ይለቃል፤ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን ሥራውን እንዳይሠራም ያውካል። እንዲህ ያለ ሰውነት ቀድሞ እንደተናደደ ሰው ነው፤ ድድ ላይ ያለችው ትንሽ ባክቴሪያ ስትነካው ከሚገባው በላይ ይጮሃል። ብዙ ጥናቶች ውፍረት ባለባቸው ዐዋቂዎች ላይ የድድ በሽታ ከሌላው በበለጠ እንደሚገኝ አሳይተዋል። አብሮ መገኘት ግን አንዱ ሌላውን ወለደው ማለት አይደለም። መሃል ላይ ጣፋጩ አለ፣ የስኳር በሽታው አለ፣ ሲጋራው አለ፣ ተሳቅቆ ሐኪም ቤት አለመሄዱም አለ። «ይሄ ሁሉ ከውፍረት ነው» ማለት እንግዲህ ከእውነቱ ያለፈ ነው።

ያልተተረጎመልሽን ቁጥር ልተርጉምልሽ። ሦስት፣ አምስት፣ ስድስት ሲል ሚሊ ሜትር መጥራቱ ነው። በጥርሱና በድዱ መካከል ያለችው ክፍተት ምን ያህል እንደጠለቀች ነው በዚያች ብረት የለካው። እስከ 3 ጤነኛ ነው። ከ4 ጀምሮ ያሳስባል። 5 እና 6 ካለ ደግሞ ብሩሽም መፋቂያም የማይደርስበት ኪስ ተፈጥሯል፣ ውስጡ ያለውን ቆሻሻ በመሣሪያ የሚያወጣ ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። ጥርሶቼ ረዘሙ ያልሽውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ጥርሱ አላደገም፣ ድዱ ነው የሸሸው። ከሰውነትሽ 10 ኪሎ ቢወርድ ከዚያ ኪስ ውስጥ አንዲት ቅንጣት ታርታር አብራ አትወጣም።

ስለዚህ ገንዘቡ ለጥርሱ ይዋል። ጂሙ ይጠብቃል፤ አጥንቱ አይጠብቅም።

ከሁለቱም የሚቀድም አንድ ነገር ግን አለ፤ ደብዳቤሽን መልሼ ሳነበው ቆም ያደረገኝ እሱ ነው። የልጅሽን ክብደት፣ የሌሊቱን ሽንት፣ የውሃ ጥሙን፣ የእናትሽን ስኳር እዚህም እዚያም ጣል ጣል አድርገሻቸዋል። አንድ ላይ ሰብስቢያቸው እስኪ። «እኔ ግን ደህና ነኝ» ያልሽው ተመርምረሽ ነው ወይስ ስላልተመረመርሽ? በእርግጥ በድሬ ሙቀት የማይጠማ ማን አለ? ግን ላብ ሲበዛ ሽንት ይቀንሳል እንጂ ሌሊት ሦስቴ አያስነሳም። 4 ኪሎ ተኩል የሚመዝን ልጅ የወለደች እናት በእርግዝናዋ ወቅት ስኳሯ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ የሆነች ሴት ደግሞ ከዓመታት በኋላ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሏ ከሌላዋ ይበልጣል። አለብሽ ማለቴ አይደለም። ሳትመረመሪ ግን የለብኝም አትበዪ።

ስኳርና ድድ ክፉ ጎረቤታሞች ናቸው። ስኳሩ ካልተያዘ የድዱ ቁስል በወጉ አይድንም፣ አጥንቱም ቶሎ ያልቃል፤ የተቆጣ ድድ በበኩሉ ስኳሩን አልታዘዝ ያሰኘዋል። የስኳር ሕመምተኞች ድዳቸውን በደንብ ሲታከሙ በጥቂት ወራት ውስጥ የስኳር ልኬታቸውም በመጠኑ እንደሚሻሻል ታይቷል። በክብደትና በድድ መካከል ካሉት መገናኛዎች በደንብ የተረጋገጠው ይሄኛው ነው። ምርመራው ራሱ ቀላል ነው። ማታ በልተሽ፣ ቢያንስ ለ8 ሰዓት ያህል ከውሃ በቀር ምንም ሳትቀምሺ ጠዋት ትሄጃለሽ፤ ሎሚውንም ትተሽ። ውጤቱ (በሚ.ግ/ዴ.ሊ) ከ100 በታች ከሆነ መልካም ነው። ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው። 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተደግሞ ይረጋገጣል፤ ከተረጋገጠ ስኳር ነው፣ ሐኪም ይዞ የሚከታተልሽ ነገር ነው። ጤና ጣቢያም ይሠራል፣ የጥርሱን ገንዘብ የሚያናጋ ዋጋም የለውም። በዚህ ሳምንት ብታደርጊው ደስ ይለኛል።

እስከዚያ ድረስ በቀን አንዴ መብላቱን ተዪው። ራስ የሚያዞረው ለዚህ ነው። ለነገሩ ረሃብ ራሱ አፍ ያሸታል፤ ሽታው አሳቆሽ የጀመርሽው ነገር ሽታ እየጨመረልሽ ነው። ሎሚውም አሲድ ነው፤ ድዱ ሸሽቶ የተጋለጠ ሥር ላይ በየጠዋቱ ማፍሰስና በጨው ማሸት ጥርሱን ያሳሳዋል፣ ቁስሉንም ይልጠዋል። ጨው ከወደድሽ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጠሽ ተጉመጥመጪበት፤ ሕመሙን ያበርዳል፣ በሽታውን ግን አያድንም።

የሚደማውን ቦታ መቦረሽ ለምን እንደተውሽ ይገባኛል፤ ሁላችንም ሲደማ እጃችንን እንሰበስባለን። ድዱ የሚደማው ግን ብሩሽ ስለነካው አይደለም፤ ቆሻሻው እዚያ ስለተቀመጠ ነው። ለስላሳ ብሩሽ ግዢ። ፀጉሩን ወደ ድዱ ጠርዝ ዘንበል አድርገሽ፣ ሳትጫኚ፣ በትንሽ በትንሹ እያንቀጠቀጥሽ ቦርሺ፤ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና፣ ጠዋትና ማታ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ። የማታው አይቅር። መጀመሪያ ሰሞን ይደማል፤ ቀጥዪ። መፋቂያ የምትወጂ ከሆነም አልከለክልሽም፤ ጫፉን አኝከሽ አለስልሺው፣ ድዱን አትውጊው። በጥርስ መሃል ግን እሱም አይገባም፤ እዚያ ክር ወይም የጥርስ መሃል ትንንሽ ብሩሽ ያስፈልግሻል። የትኛው መጠን እንደሚሆንሽ የሚያጥብሽ ባለሙያ ያሳይሽ።

ስለ እጥበቱ አንድ ነገር ሰምተሽ ይሆናል፤ «ጥርስ ሲታጠብ ይነቃነቃል፣ መሃሉ ይከፈታል» ይባላል። የሚከፈተው ታርታሩ ሞልቶት የነበረው ቦታ ነው። ያበጠው ድድ ሲያርፍ ጥርሱ ይበልጥ የረዘመ ይመስላል፣ ለጥቂት ሳምንትም ቀዝቃዛ ነገር ይጠዘጥዝሻል። ይህን ቀድመሽ ካወቅሽ አትደነግጪም። ደግሞ በድሬ ሰው ሁሉ ጥርሱ ላይ ለሚጋገረው ነገር ውሃውን ይከስሳል! ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ለሚጋገረው ነጭ ነገር ውሃው በእርግጥ ተጠያቂ ነው፤ የጥርሱ ግን ከራሳችን ምራቅ ማዕድን የሚጠጥር ነው።

ወደዚያው ክሊኒክ ተመለሺ አልልሽም። ሌላ ሞልቷል፤ የመንግሥት ሆስፒታል የጥርስ ክፍልም ብዙ ጊዜ በዋጋ ይቀላል። ከመሄድሽ በፊት ደውይና እጥበቱ ከድድ በታች ማጽዳትንም ይጨምር እንደሆነ፣ በስንት ቀጠሮ እንደሚያልቅ፣ ጠቅላላ ዋጋው ስንት እንደሆነ ጠይቂ፤ ላይ ላዩን ብቻ ማጠብ ለአንቺ አይበቃም። ወንበሩ ላይ ከመቀመጥሽ በፊት ደግሞ «ድዴ 6 ድረስ ተለክቷል፣ እሱን ልታከም ነው የመጣሁት፤ ስለ ክብደቴ ማውራት ካስፈለገ በሩ ይዘጋ» በዪ። ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ብቻሽን ማለት ካቃተሽ አብሮሽ የሚገባ ሰው ይኑር።

ያ ሰው ባለቤትሽ ቢሆንስ? ስለ ማስቲካው ብዙ አሰብኩ። አንቺ እንደ ስድብ ቆጥረሽዋል። እኔ ደግሞ ሚስቱን ሳያስከፋ እንዴት እንደሚነግራት ጨንቆት ሱቅ ገብቶ ማስቲካ ገዝቶ የወጣ ሰው ይታየኛል። ልሳሳት እችላለሁ፤ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ብቻ ለወራት ፊትሽን ስታዞሪበት እሱስ ምን እያሰበ ይሆን? «ድዴ ታሟል፣ አፌ የሚሸተው ከእሱ ነው፣ ልታከም ነው፣ አብረኸኝ ሂድ» ብትዪው ይበቃል። ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በደብዳቤሽ ያልነካሻቸውን ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለሐኪሙ ነው የምትነግሪው። በርጫ ትቀመጫለሽ? አቦ፣ የድሬ ሰው ነሽና ብጠይቅ አትቀየሚኝ። ጫት አፍ ያደርቃል፣ ምራቅ ያነሰበት አፍ ደግሞ ራሱን አያጥብም። የሚያዝበት ጉንጭ በኩል ያለው ድድ ይጎዳል፤ አጠገቡ ያለው ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ቀኑን ሙሉ ጥርስ ላይ ይዘንባል። ሲቃም ምግብ ስለሚያስጠላ የሚያከሳ ይመስላል፤ ማታ የሚጠጣውና የሚበላው ያካክሰዋል። ሺሻስ? ትንባሆ ድዱን እየጎዳ ደሙን ይደብቃል፤ አጫሽ ድዱ ስላልደማ ደህና ይመስለዋል። የደም ግፊት ክኒን ትወስጃለሽ? አምሎዲፒን የሚባለው አንዳንድ ሰው ላይ ድድ ያሳብጣል። ከወሰድሽ በራስሽ አታቋርጪው፤ ለሐኪሙ ንገሪውና እሱ ይወስን።

ክብደቱን ተዪው እያልኩሽ አይደለም። ለአማትሽ ሲሉ መወፈር፣ ለዚያ ባለሙያ ሲሉ መክሳት፣ ሁለቱም ይቅር፤ ለስኳርሽና ለጉልበትሽ ብለሽ ቀስ እያልሽ አድርጊው። ሱቅሽ ውስጥ በቀን ስንት ሻይ ይገባል? ታይዋን ላይ ደንበኛ መጣ ሻይ፣ ጎረቤት መጣ ሻይ ነው። በየብርጭቆው ሦስት ማንኪያ ስኳር ከገባ፣ አምስት ሻይ ወደ 60 ግራም ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ50 ግራም ገደማ እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 በታች እንዲሆን ይመክራል። ጣፋጮቹ፣ ሙሸበኩና ሀልዋው፣ ገና አልተቆጠሩም። ሦስቱን ማንኪያ ወደ አንድ ማውረድ፣ ለስላሳውን በውሃ መተካት፣ ምሳ በወጉ መብላት፤ እንጀራው አነስ፣ ምስርና አትክልቱ በርከት ብሎ። ይሄ ከሎሚው የተሻለ ይሠራል፣ ድድሽም የሚወደው ነው። በጂም ፋንታ ሱቅ ከመክፈትሽ በፊት ፀሐዩ ሳይበረታ ግማሽ ሰዓት ተራመጂ። ከባጃጁ ከዚራ ሰፈር ላይ ብትወርጂ በዛፎቹ ጥላ ስር መሄድ ዋጋ አይጠየቅበትም። ከ84 ኪሎ 4 ኪሎ ብቻ ቢቀንስ፣ እሱም በወራት ውስጥ፣ ለስኳርና ለደም ግፊት የሚሰማ ለውጥ ነው። የድዱን ሕክምና ግን አይተካም።

ፊትሽ ካበጠ፣ ከድዱ መግል ከወጣ ወይም ትኩሳት ከተጨመረበት ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሂጂ።

ሕክምናው ካለቀ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ተመልሰሽ ኪሶቹ እንደገና እንዲለኩልሽ ጠይቂ፤ ቁጥሮቹን በወረቀት ተቀበዪ፣ የስኳር ውጤትሽንም ይዘሽ ግቢ። ስድስቱ ወደ ሦስትና አራት ወርዶ መድማቱ ከቆመ በየስንት ወሩ እንደምትታጠቢ ትነጋገራላችሁ። እዚያው 5 እና 6 ላይ ከቆመ ደግሞ የድድ ስፔሻሊስት ዘንድ እንዲልኩሽ ጠይቂ፤ ያኔ ድድ ተከፍቶ ማጽዳትን የመሰሉ ሌሎች ሕክምናዎችም አሉ።